ሆድ ውስጥ የቀረ ልቅሶ



እዚህ ጋምቤላ አንዲት እህት ከአምልኮ በኋላ ቆይታ አነጋገረችኝ። ባለቤቷ የማይጠጣ፣ የማይሳደብ፣ በጸሎት የሚተጋ ሰው ነው። ነገር ግን የሁለት ዓመት ልጃቸው ማልቀስ ሲጀምር ሌላ ሰው ይሆናል። ላብ በላብ ሆኖ «ዝም አሰኚው!» ብሎ ይጮኻል። በዚያ ሳምንት የሕፃኑን አፍ በእጁ አፍኖ አገኘችው። «ልጄን ይዤ ወደ እናቴ ልሄድ ነው» አለችኝ።

ባለቤቴና እኔ ወንድማችንን ጠርተን አነጋገርነው። «ልጅ ሳለሁ...» ብሎ ሲጀምር እኔ አቋረጥኩት። «ወንድሜ፣ አንተ እኮ በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት ነህ፤ ያለፈው አልፏል፤ ስለ ቁጣው እንጸልይ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ብሎ ሄደ። ምንም አልተለወጠም። አፉን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅነው፦ «ልጅ ሲያለቅስ ምን ትዝ ይልሃል?» ብዙ ዝም ካለ በኋላ ተናገረ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በዚህች ከተማ በአኙዋክ ወገኖቻችን ላይ ግድያ በተፈጸመበት ቀን የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከእናቱና ከሕፃን እህቱ ጋር በሰው ቤት አልጋ ሥር ተደበቁ። እናቱ የሕፃኗን አፍ በመዳፏ ይዛ እርሱን «ትንፍሽ እንዳትል» አለችው። በሕይወት ተረፉ። ከዚያ በኋላ ግን በቤታቸው ስለዚያ ቀን ያወራ ሰው የለም፤ «ሆድ ይፍጀው» ተባለ። የልጁን አፍ ሲያፍን የእናቱን እጅ እየደገመ እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት አላስተዋለም ነበር። ይህን የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ምን ይላሉ?

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የምክር አገልግሎት ትምህርት ስንማር የሲግመንድ ፍሮይድን ስም ሰምተናል። ከ1856 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የኖረ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን በቪየና ያሳለፈ ሐኪም ነው። የሰው ጠባይ ሰውየው ከሚያውቀው ሐሳብ ብቻ አይመነጭም፤ እርሱ ራሱ ከማያውቀው፣ በልጅነት ከተቀበረ ፍርሃት፣ ምኞትና ቁስልም ይመነጫል አለ። ከዚህ የተነሣው አመለካከት ሳይኮዳይናሚክ ይባላል።

ልጁ አና ፍሮይድ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ሰው ከውስጥ ሕመሙ ራሱን የሚከላከልባቸውን መንገዶች ዘርዝራለች። እኛም በተረታችን እናውቃቸዋለን። አለቃው የተቆጣው ባል ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ ሲጮኽ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንላለን። የራስን ጥፋት በሌላው ላይ ማየት ሲሆን «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» እንላለን። ሕመምን መቅበር ደግሞ ያው «ሆድ ይፍጀው» ነው።

«ፍሮይድ እኮ እምነት የለውም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1927 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ሃይማኖትን ከንቱ ተስፋ አድርጎ አቅርቦታል። ከትምህርቱም ብዙው በኋላ ዘመን ምርመራ አልጸናም። ነገር ግን የዙሪኩ ፓስተር ኦስካር ፊስተር ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ተጻጽፎታል፤ ወዳጁም ነበር። ከእርሱ የተማረውን በእረኝነት አገልግሎቱ ተጠቀመበት፤ በ1928 ደግሞ ስለ እምነት በጽሑፍ መለሰለት። እኛም ስንዴውን ከገለባው እንለይ።

ቃሉስ ምን ያሳየናል?

ዮሴፍን ተመልከቱ። የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ የጠራው እግዚአብሔር መከራውንና የአባቱን ቤት እንዳስረሳው ለመመስከር ነው (ዘፍ. 41፥51)። ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ግን ዘወር ብሎ አለቀሰ። ሌላ ጊዜ ወደ እልፍኝ ገብቶ አልቅሶ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። በመጨረሻም ግብፃውያን እስኪሰሙ ድረስ ጮኾ አለቀሰ (ዘፍ. 42፤ 43፤ 45)። ረሳሁ ያለው ነገር በልቡ ነበረ። እርቁም የመጣው ማንነቱን ገልጦ በተናገረ ጊዜ ነው።

አዲስ ፍጥረት መሆን ትዝታን አይፍቅም። ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በኋላ የእጁን ቁስል ለቶማስ አሳይቶታል።

በክልላችን ብዙ ቤት እንዲህ ያለ ቁስል አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ወገኖቻችን ላይ አደጋ ጥለው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ። ያኔ ልጅ የነበሩት አሁን ትዳር እየያዙ ነው።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ?

1. እንጠይቅ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» እንበል። ካልፈለገ አናስገድደው፤ ሲናገር ግን አናቋርጠው።

2. የሰማነውን እንጠብቅ። የትዳር ጓደኛችን የነገረንን በጠብ ጊዜ መልሰን አንወርውርበት፤ «የጸሎት ርዕስ» እያልንም ለጎረቤት አናውራ።

3. ሰበብ አናድርገው። የልጅነት ቁስል የቁጣን ምንጭ ይገልጣል እንጂ የሕፃንን አፍ ለማፈን ፈቃድ አይሰጥም። አስቀድሞ የሚጠበቀው ልጁ ነው። ወንድማችን ላብ ሲጀምረው ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥቶ ወደ ውጭ ሊወጣ ተስማማ። እህታችንም አስፈሪ ከሆነባት በማንኛውም ሰዓት እኛ ቤት እንድትመጣ ተስማማን።

4. እርዳታ እንፈልግ። እንቅልፍ ያጣ፣ በቅዠት የሚሠቃይ፣ ሞትን የሚመኝ ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

ወንድማችን ፈጽሞ ድኗል አልልም፤ አሁንም የሚከብዱት ሌሊቶች አሉ። ባለፈው እሑድ ግን ሕፃኑ በስብከት መካከል ማልቀስ ጀመረ። እናቱ ልትነሣ ስትል አባቱ ቀደማት። ታቅፎት ወጥቶ ማንጎው ዛፍ ሥር ቆመ፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። «አልቅስ፣ ልጄ፣ አልቅስ» ሲለው በመስኮት ሰማሁ።

ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ በሆዳችሁ ያለውን ያውቃል፤ አያፍርባችሁምም። ትዳራችሁን ይባርክ። እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ።