የሕዝብ መዝገብ በግል መሳቢያ

ዕውቀት እንደ እህል ነው። በጎተራ ተቀምጦ በየጊዜው ሲገላበጥ ለምግብም ለዘርም ይተርፋል፤ በጉድጓድ ተቀብሮ ቀባሪው ስፍራውን ሳይናገር የሞተ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱንም ጎረቤቱንም ሳይጠቅም በስብሶ ይቀራል። ስለ ውሃ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ዛፍና ስለ በሽታ በአገራችን የሚሰበሰበው የምርምር መዝገብ ብዙው የሚደርስበት ዕጣ ይህ ሁለተኛው ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

ይህንም ለማስረዳት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለችውን ቡሹሎን እንመልከት። በዚያ ዳርቻ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይጥላል፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆች ይዋኛሉ። በውሃው ውስጥ ደግሞ የቢልሃርዝያን ትል የምታሳድግ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። የትሉ ዕንቍላል ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ተፈልፍሎም በቀንድ አውጣዋ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በ2011 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፣ በቡሹሎ ከተመረመሩት የትምህርት ቤት ልጆች መካከል ከአራቱ ሦስቱን የሚያህሉት ትሉ እንደ ተገኘባቸው ገልጿል። ጥናቱ ታትሞ ለሁሉ መድረሱ የሚመሰገን ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን ታክሞ የዳነው ልጅ ወደዚያው ውሃ የተመለሰ እንደ ሆነ በሽታው እንደ ገና ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ የጤና ሠራተኛው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ቀንድ አውጣዋ በየትኛው ወር ትበዛለች? በየትኛው ዳርቻ? ሐይቁ ሲሞላና ሲጐድልስ?

ይህን የሚመልሰው በታተመ ጽሑፍ ላይ የሚታይ አንድ የመቶኛ ቍጥር አይደለም። የሚመልሰው ተመራማሪዎች በየዕለቱና በየስፍራው የሚጽፉት ዝርዝር መዝገብ፣ በዘመኑ ቋንቋ ዳታ የሚባለው ነው። የዓሣ ተመራማሪው የውሃውን ሙቀት ይለካል፤ የኬሚስትሪ ዐዋቂው ጨውነቱን ይመዝናል፤ የጤና ተመራማሪው ቀንድ አውጣውን ይቈጥራል። ሐይቁ አንድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ የሚወጣለትም ወንዝ የለውም። ውሃው እንዲህ ተሰብስቦ ሲኖር ስለ ውሃው የተጻፈው ግን በየመሳቢያው ተበታትኖ ይኖራል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እኛ ሊቃውንት አይደለንም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰን የመንግሥትን መዝገብ ስንጠብቅ የምንውል ጸሐፊዎች ነን። ስለዚህ ስለ ቀንድ አውጣ አናስተምርም፤ ስለ መዝገብ ግን መናገር ይገባናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ በእጁ ያለውን መዝገብ ቈጥሮ ያስረክባል እንጂ ይዞት አይሄድም። ታዲያ በመንግሥት ገንዘብ፣ በመንግሥት መኪናና በመንግሥት አበል የተሰበሰበ የምርምር መዝገብ ከተመራማሪው ጋር አብሮ የሚዛወረው በምን ሕግ ነው? ላፕቶፑ ሲበላሽ፣ ፍላሹ ሲጠፋ፣ የጠፋው የማን ንብረት ነው? ልጆቻቸውን ለምርመራ የሚያቀርቡ ወላጆች እሺ የሚሉት አንድ ሰው ማዕረግ ያገኝበት ዘንድ ብቻ አይደለም።

ጕድለቱ የእኛ ብቻ አለመሆኑም የታወቀ ነው። በ2014 የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የተጻፉ 516 ጽሑፎችን ዳታ ከየደራሲዎቹ ለማግኘት ሞክሮ፣ ጽሑፉ አንድ ዓመት ባረጀ ቍጥር መዝገቡ የመገኘቱ ዕድል በ17 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስረድቷል። በበለጸገው አገር እንዲህ ከሆነ፣ መብራትና መሣሪያ በሚቸግርበት አገር እንደምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

መዝገቡን መክፈት የማይወዱ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፣ “የደከምንበትን ሌላው ያለ ድካም ይወስደዋል” የሚል ነው። ድካም ዋጋ እንዳለው አንክድም፤ ስለዚህ ተመራማሪው አስቀድሞ ይጽፍበት ዘንድ የተወሰነ ጊዜ ይሰጠው። ነገር ግን ሰውን የሚያስከብረው መደበቅ ነውን? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያዩትንም በማግሥቱ ዓመት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡት። እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዓለም ያወቀው፣ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የተቀበሉት ነገሩን በመግለጣቸው ነው። ስምና ቀን ተጽፎበት በአደባባይ የተቀመጠ መዝገብ የባለቤቱ ምስክር ነው፤ በመሳቢያ የተቈለፈ ግን ምስክር የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት፣ “ከከፈትነው የውጭ ሰው ይዘርፈናል፤ በጤፍ የሆነውን አላያችሁምን?” የሚል ነው። አይተናል። በ2005 የአገራችን ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ተዋዋሉ፤ ውሉ ያሰብነውን ጥቅም ሳያመጣ የጤፍ ዱቄት ፓተንት በባዕድ እጅ ተገኘ። ሆኖም በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ያን ፓተንት በሆላንድ የሻረው የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ ነው። አስቀድሞ በአደባባይ የታወቀውን ነገር ማንም የእኔ ፈጠራ ነው ሊል አይችልምና፣ ከዘራፊ የሚጠብቀን ተጽፎ የተገለጠ ዕውቀት ነው። ዘሩንና የአባቶችን ዕውቀት ስለ መጠበቅ ደግሞ በ2006 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 482 አለ፤ ዘር መስጠትና የተቈጠረ ቍጥር ማሳየት አንድ አይደሉም። ይልቁንም ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን የሆነው የዓለም የብዝኀ ሕይወት መረጃ ተቋም ከሁለት ቢሊዮን የሚበልጥ የዕፅዋትና የእንስሳት መዝገብ ለማንም በነጻ ከፍቷል፤ የባዕዳን ቤተ መዘክሮች ከአገራችን የሰበሰቡትም በዚያ ይገኛል። የገዛ አገራችንን ከሰው ጎተራ እየተበደርን እስከ መቼ እናውቃለን?

መዝገብ ይከፈት ስንል ሁሉም ይበተን ማለታችን አይደለም። የታመመው ልጅ ስም አይገለጥ፤ አዳኝ የሚፈልገው ብርቅ አውሬ የሚያድርበት ስፍራም አይነገር። የሚሠወረው ምክንያት ያለው ይሠወር፤ የቀረው ይገለጥ።

ሕጉማ አለ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚደረግ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ጽሑፉም ዳታውም ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ፖሊሲ አውጥቷል። ያ ሚኒስቴር በ2021 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃልሏል፤ ግዴታው ግን በስም ለውጥ የሚቀር አይደለም። የጐደለው አስረካቢና ተረካቢ ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦ የምርምር ገንዘብ የመጨረሻ ክፍያ መዝገቡ ሳይገባ አይከፈል፤ በየዩኒቨርሲቲው ተረካቢ የመዝገብ ሹም ይሾም፤ ቀኑ፣ ስፍራውና መለኪያው በአንድ ዓይነት ደንብ ይጻፍ፤ መዝገቡን በደንብ ያስረከበ ተመራማሪም ለማዕረግ ዕድገት ይቈጠርለት።

ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ወንበርና ጠረጴዛ እንኳ ቈጥሮ የሚያስረክብ መንግሥት፣ ለቡሹሎ ልጆች ጤና የተሰበሰበውን ቍጥር ቈጥሮ መረከብ ሊያቅተው አይገባም።