ሳይቃጠል በቅጠል፦ ባለ ሦስት ደረጃ የተማሪዎች ድጋፍና የኮልፌ ቀራኒዮ ትምህርት ቤቶች

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ አገር ደነገጠ። በ2015 ዓ.ም ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም እንኳ ለፈተና ከተቀመጡት 585 ሺህ 882 ተማሪዎች የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት 48 ሺህ 929 ነበሩ።

በ12ኛ ክፍል የወደቀ ተማሪ ግን መውደቅ የጀመረው በዚያ ዓመት አይደለም። በ2002 ዓ.ም በስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ከሚገኙ አሥር ሕፃናት ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ይገምታል። በ2002 ዓ.ም የ2ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ፣ ሳያቋርጥ ተምሮ ከሆነ፣ 12ኛ ክፍል የደረሰው በ2012 ዓ.ም ነው። በመካከሉ አሥር ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄው በእነዚህ አሥር ዓመታት ውስጥ የልጁን ጉድለት ማን አየው፣ አይቶስ ምን አደረገለት የሚለው ነው።

በብዙ አገሮች በሥራ ላይ የዋለው ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ የተማሪዎች ድጋፍ ሥርዓት የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የዚህ ሥርዓት ፍርስራሽ ሳይሆን ጡቡ አለ፤ የጎደለው ጡቡን የሚያያይዘው ጭቃ ነው።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

ሐሳቡ ቀላል ነው። ድጋፉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ለሁሉም ተማሪዎች የሚሰጠው ጥሩ የክፍል ውስጥ ትምህርት ነው፦ መጽሐፍ በእጁ ያለ ተማሪ፣ ተዘጋጅቶ የሚገባ መምህር፣ የማይባክን ክፍለ ጊዜ። ሁለተኛው በዚህ ብቻ ላልበቃቸው ጥቂት ተማሪዎች የሚሰጥ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑ ልጆች ተሰባስበው በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ የጎደላቸውን አንድ ነገር ብቻ ይማራሉ። ሦስተኛው ደረጃ በዚህም ላልተሻሻሉት በግል የሚሰጥ ጥብቅ ድጋፍ ሲሆን፣ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ የምክር አገልግሎት ባለሙያና የጤና ባለሙያ ሊሳተፉበት ይችላሉ።

በተለምዶ እንደሚገመተው የመጀመሪያው ደረጃ በደንብ ከተሠራ ከመቶ ተማሪ ሰማንያው ያህል ሌላ ድጋፍ አያሻውም፤ አሥራ አምስቱ ሁለተኛውን፣ አምስቱ ሦስተኛውን ይፈልጋሉ። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ሲሰላ 48፣ 9 እና 3 ይሆናል። መምህሩ ስድሳውን ልጅ በግል እንዲረዳ አይጠበቅበትም፤ አሥራ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ማወቅ ግን ይጠበቅበታል።

የሥርዓቱ ልብ የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። ደረጃዎቹን ሥርዓት የሚያደርጋቸው ልየታው ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በመጀመሪያ፣ በመካከልና በመጨረሻ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ደቂቃ አጭር ምንባብ ያነባል፤ ጥቂት የሒሳብ ጥያቄዎችንም ይሠራል። ድጋፍ የጀመረ ልጅ ከስምንት ወይም ከአሥር ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል። ተሻሽሎ ከሆነ ወደ መደበኛው ይመለሳል፤ ካልሆነ ድጋፉ ይጠናከራል። ማንም ልጅ በአንድ ደረጃ ላይ ተቸንክሮ አይቀርም።

በኮልፌ ቀራኒዮ ያለውና የጎደለው

ኮልፌ ቀራኒዮ በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 428 ሺህ 895 ነዋሪዎች የተቆጠሩበት፣ በወቅቱ ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ቀዳሚው ነበር። ከዚያ ወዲህ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክና ካራ ቆሬ ሰፍተዋል። ክፍለ ከተማው የነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ከገጠር ገና የመጣውም መኖሪያ ነው። በዘነበወርቅ አካባቢ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል በሚገኝበት ሠፈር፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና መጥተው በዚያው የቀሩ ወገኖች ልጆችና የልጅ ልጆች ያድጋሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከሟቾቹ ውስጥ ሕፃናትም ነበሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ በልቶ የመጣና ሳይበላ የመጣ፣ መዋዕለ ሕፃናት የገባና ያልገባ፣ በቤቱ አማርኛ የሚናገርና ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ የሚችሉት በእንዲህ ዓይነት አካባቢ ነው።

ለእነዚህ ልጆች የሚደረገው ድጋፍ ትንሽ አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2011 እና ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ፣ የደንብ ልብስና የደብተር አቅርቦት ያካሂዳል። ቀደም ሲል በበጎ አድራጎት ለጥቂቶች ይቀርብ የነበረው ምግብ ዛሬ የከተማዋ መደበኛ ሥራ ነው። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ዋና መሠረት ነው፤ የተራበ ልጅ ፊደል አይገባውም።

ከዚህ በተጨማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት አለ። ጎበዙ ተማሪ አምስቱን የሚያግዝበት የ1ለ5 አደረጃጀት፣ ስሙ ከሌላ ዓላማ ጋር ተያይዞ ቢነቀፍም፣ በትምህርት ቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃም የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት ተቋቁመዋል፤ አንድ ማዕከል በአንድ ትምህርት ቤት ተቀምጦ በጉድኝቱ ያሉትን ሌሎች ትምህርት ቤቶች ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል።

የጎደለው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ድጋፉ ዘግይቶ ይመጣል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የማጠናከሪያ ትምህርት በቅዳሜና ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው በዋናነት ለተፈታኝ ክፍሎች ነው፤ ትኩረቱም 6ኛ፣ 8ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ነው። የ2ኛ ክፍል ልጅ ፈተና ስለሌለበት ጉድለቱ በሪፖርት አይታይም። ሁለተኛ፣ ድጋፉ የልጁን ጉድለት አይመርጥም። ማንበብ ያልቻለውም፣ ክፍልፋይ ያልገባውም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያንኑ የመጽሐፉን ምዕራፍ በድጋሚ ይሰማሉ። ሦስተኛ፣ ምግቡ፣ ማጠናከሪያው፣ ምክሩና የአካቶ ማዕከሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተጠሪና መዝገብ አላቸው፤ አንድን ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር መንገድ ግን ጠባብ ነው።

ትልቁ ድጋፍ በመጨረሻው በር ላይ

የዚህ መዘግየት ጉልህ ምሳሌ የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሚዲያል ፕሮግራም ነው። በ2014 ዓ.ም ፈተና 50 በመቶ ካላመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ገብተው ለወራት እንዲማሩ ተደረገ። ፕሮግራሙ ለብዙ ወጣቶች ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል። በሥርዓቱ ዓይን ሲታይ ግን አገሪቱ ካላት የማካካሻ ድጋፍ ትልቁን፣ ከመኝታና ከምግብ ጋር፣ ያዋለችው ለ12 ዓመታት በቆዩትና ለማለፊያው ለቀረቡት ነው። በ3ኛ ክፍል ተስፋ ቆርጦ ወደ ጫማ መጥረግ ወይም ወደ እረኝነት የሄደው ልጅ እዚያ በር አይደርስም።

በ2ኛ ክፍል ለስምንት ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ድጋፍ የሚጠይቀው አንድ መምህር፣ የፊደል ገበታና ጥቂት ታሪክ መጻሕፍት ነው። አረሙ በጊዜው ያልተነቀለለት ማሳ በአጨዳ ሰዓት የቱንም ያህል ሰው ቢሰለፍበት ምርቱ አይመለስም።

ፒራሚዱ ሲገለበጥ

ይሁንና ሥርዓቱን ከውጭ እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ሰማንያ፣ አሥራ አምስት፣ አምስት የሚለው ስሌት የሚሠራው አብዛኛው ልጅ በመደበኛው ትምህርት በሚያነብበት አገር ነው። ከክፍሉ ግማሹ የማያነብ ከሆነ ሠላሳ ልጆችን በአምስት በአምስት ከፋፍሎ መርዳት የሚችል መምህር የለም። ያኔ ችግሩ የልጆቹ ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ መጠገን ያለበትም እሱ ነው።

ለዚህ ከሕንድ የተገኘ ልምድ አለ። ፕራታም የተባለው ድርጅት በሚያራምደው ዘዴ፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በችሎታ ይመደባሉ፦ ፊደል የሚለዩ፣ ቃል የሚያነቡ፣ አንቀጽ የሚያነቡ። እያንዳንዱ መምህር አንዱን ቡድን ይይዛል፤ ልጁ ሲችል ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የተጀመሩት የፈጣን ትምህርት መርሐ ግብሮች ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩ ሕፃናትን የሦስት ዓመት ትምህርት በአሥር ወራት አስተምረው ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት አስገብተዋል።

ነገሩ ለአገሩ ባህልም እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ፊደል ያልለየ ወደ አቡጊዳ፣ ግእዝ ንባብ ያልዘለቀ ወደ ውርድ ንባብና ወደ ቁም ንባብ አይሻገርም ነበር። የኔታ ሁሉንም ልጅ እያስቀረቡ ያስነብባሉ፤ የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ያስቀጽላል። በቁርኣን ቤትም ልጁ በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ሳይይዝ አዲስ አይጻፍለትም። ዱላው የሚነቀፍ ቢሆንም፣ ልጅን ባለበት ደረጃ ተቀብሎ የማስተማሩ ብልሃት የሚወረስ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆችን ያለመውደቅ ሲያዛውር መልካም አስቦ ነበር፤ ከዝውውሩ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የቅርብ ክትትል ግን በብዙ ቦታ ቀረ።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

የመጀመሪያው ስም ማውጣት ነው። ለድጋፍ የተለየ ልጅ «ሰነፍ» የሚል ቅጽል ከተለጠፈበት ከድጋፉ ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። ቡድኖቹ በየጊዜው የሚለዋወጡ መሆናቸውም ለዚህ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው የወረቀት ሥራ ነው። ለኢትዮጵያ የአካቶ ትምህርት ለዓመታት ድጋፍ ስታደርግ የቆየችው ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አጠቃላይ፣ የተጠናከረና ልዩ የሚሉ ሦስት ደረጃዎችን በሕግ አጽንታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ግን ሕጉን ለውጣለች፤ ከለውጡ ዓላማዎች አንዱ መምህራንን ያጨናነቀውን የሰነድ ሥራ መቀነስና በቡድን ለሚሰጥ ድጋፍ ቅድሚያ መስጠት ነው። ሪፖርት በሚበዛበት የእኛ አገር አሠራር ይህ ትምህርት ቀድሞ ሊወሰድ ይገባል። ለአንድ ክፍል አንድ ገጽ መዝገብ ይበቃል፦ የልጁ ስም፣ ያነበባቸው ቃላት ብዛት፣ የተሰጠው ድጋፍ፣ የሚታይበት ቀን።

ሦስተኛው የመምህሩ ኑሮ ነው። በቤት ኪራይ የተወጠረ መምህር ያለ ክፍያ ተጨማሪ ሰዓት እንዲያስተምር መጠየቅ ለጥቂት ሳምንታት እንጂ ለዓመታት አያዘልቅም። የድጋፍ ሰዓቱ በመደበኛው የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ካልተቆጠረ፣ አቅም ያለው ወላጅ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል፤ የሌለው ልጅ ባለበት ይቀራል።

ከከተማ ባሻገር

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል በጸጥታው ችግር ምክንያት ከትምህርት የተለዩ ሕፃናት በሚሊዮን ይቆጠራሉ። እነዚህ ልጆች ሲመለሱ በአንድ 4ኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት የተቋረጠበት፣ ፊደል የረሳና ያልረሳ አብረው ይቀመጣሉ። ሁሉንም በመጽሐፉ ገጽ አንድ ላይ ማስጀመር ብዙዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ማጣት ነው።

ወላጅም ድርሻ አለው። ማንበብ የማይችል አርሶ አደር እንኳ ልጁ ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ሳይንተባተብ ሲያነብ ወይም ሲያቅተው በጆሮው ይለያል። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ከአጥርና ከመዋጮ ጉዳይ ጎን «በዚህ ክፍል ስንት ልጅ አያነብም? ለእነሱስ ምን ታስቧል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ርእሰ መምህሩ ለዚህ ጥያቄ ቁጥርና ስም ይዞ መልስ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት፣ በኮልፌ ይሁን በጎጃም፣ ሥርዓቱን ጀምሯል ማለት ነው። መልስ የሌለው ትምህርት ቤት ግን የ2ኛ ክፍሉን ጉድለት ከአሥር ዓመት በኋላ ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ለብዙዎቹ ልጆች ረፍዷል።