ከግድግዳው ማዶ ለተኛችው ጎረቤት

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ ኮምፒውተር ድምፅ ነው። «ይህም ጉዳይ ሆኖ ይጻፍበታል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም ከጎረቤታችን ፊት እስክናፍር ድረስ እንዲሁ እንል ነበር።

የምንኖረው ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ፣ በርካታ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠራ አንዲት ወጣት ተከራይታለች። ልጃችን የትምህርት ፈረቃው ከሰዓት በመሆኑ፣ ጠዋት ጠዋት የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቂርኣት በላፕቶፕ እያዳመጠ ሒፍዙን ይከልሳል። የሸይኹ ሙሉ የሙረተል ቅጂ በ1961 እ.ኤ.አ. በግብፅ የወጣ ሲሆን፣ በእጃችን ያለው ግልባጭ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁልጊዜ እስከ 100 ከፍ አድርጎ ነው የሚሰማው።

አንድ ቀን ሱራው አልቆ ማሽኑ በራሱ ወደሚቀጥለው ፋይል ተሻገረ። እሱም በቅርቡ የተቀዳ ነሺዳ ነበርና ቤቱን አናወጠው። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፤ የድምፅ ቁልፎቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጁ በጣቱ ቀስቷን እየጎተተ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን የድምፅ ምልክት እስኪያገኛት ድረስ በራችን ተንኳኳ።

«ኡስታዝ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ጠልቼው አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ አሁን ጋደም ማለቴ ነበር» አለችን።

የጎረቤትን ሐቅ ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ዓመታት አስቆጥረናል። ምን መልስ ይኖረናል? ይቅርታ ጠይቀን ገባን።

መጀመሪያ ያሰብነው ኪቦርዱን ማስቀየር ነበር፤ ወጪው ግን ለመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባችን «የሞተውን ቁልፍ ተዉትና ሥራውን ለሌላ ቁልፍ ስጡት» ብሎ ኦቶሆትኪ ስለሚባል ፕሮግራም ነገረን። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። በኖትፓድ አንዲት መስመር ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ፕሮግራሙም ያንኑ እያነበበ ቁልፎቹን ያዛል። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሁለተኛው እትም ስለወጣና አጻጻፉ ከፊተኛው ስለሚለይ፣ ቀጥሎ የምንለው ለሁለተኛው እንደሆነ ልብ ይባልልን።

አጻጻፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ^ ኮንትሮልን፣ ! አልትን፣ + ሺፍትን፣ # ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍ ይወክላሉ። እኛ ^! ብለን ጀመርን፤ ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ስም «አፕ» ብለን አስከተልን፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (::) አደረግን፤ ከዚያም «ሳውንድ»፣ «ሴት»፣ «ቮልዩም» የሚሉትን ሦስት ቃላት አጣብቀን ጽፈን "+2" ጨመርን። ይህም ኮንትሮልና አልት ተይዘው የላይ ቀስት በተነካ ቁጥር ድምፁ በመቶ 2 ከፍ ይበል ማለት ነው። ለታች ቀስትም እንዲሁ "-10" ሰጠነው። ከፍ ሲል በዝግታ፣ ዝቅ ሲል በፍጥነት እንዲሆን ያደረግነው ሆን ብለን ነው። የፋብሪካ ቁልፍ ይህን ምርጫ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ያደከመችንን ስሕተት ሳንናገር አናልፍም። +2 የሚለውን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ጽፈነው ነበር። ቁልፉን ስንነካ ድምፁ ጭራሹን ጠፋ! ለካስ ያለ ጥቅሱ ማሽኑ የሚረዳው «2 ጨምር» ሳይሆን «2 ላይ አድርገው» ብሎ ኖሯል። ስፒከሩ ተበላሸ ብለን ጠጋኝ ልንጠራ ምንም አልቀረንም።

ከሁሉ የጠቀመን ግን በፋይሉ አናት ላይ ያሰፈርናት ሌላ መስመር ናት። ያው ትእዛዝ ያለ ምንም ቁልፍ፣ 20 ከሚል ቁጥር ጋር ነው። ፋይሉን ስታርትአፕ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስላኖርነው ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ድምፁ ከ20 ይጀምራል። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፤ ሲመለስ ትናንት በተተወበት 100 ላይ የሚነሳበት ጊዜ አለፈ።

ወላጆች ግን አትሳቱ፤ ይህ ዘዴ የልጅን ጆሮ ዘበኛ ሆኖ አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰሙ ልጆች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል ነው። በስክሪኑ ላይ የምታዩት በመቶ ደግሞ ዴሲቤል አይደለም፤ አንዱ ማዳመጫ በ50 የሚጮኸውን ሌላው በ80 ላያሰማው ይችላል። ልጅም ቢሆን ቀስቷን ጎትቶ ያሻውን ያህል ከፍ ማድረግ አያቅተውም። ሌላም ማሳሰቢያ አለን፦ ሰው ጽፎ የሰጣችሁን ፋይል ሳታነቡ አትክፈቱ። ቁልፍ የሚያዝ ፕሮግራም በቁልፉ የምትጽፉትን ሁሉ፣ የይለፍ ቃላችሁንም ጭምር፣ ሊመዘግብ ይችላል።

ልጃችን አሁን ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። ኮንትሮልና አልት ከዜሮ ቁልፍ ጋር ሲነኩ ድምፁ ባንዴ ድርግም እንዲል፣ ደግሞ ሲነኩ እንዲመለስ በራሱ ጽፏል። በዜሮዋ ቁልፍ ላይም ትንሽ ወረቀት ለጥፎ «እህታችን ገባች» ብሎ ጽፎበታል። የግቢው በር ጠዋት ሲንቋቋ እጁ ወደዚያችው ይሄዳል።