እናትነት የሚታደስ ቤት ነውን?

እህቴ ሆይ! ስልክሽን በከፈትሽ ቁጥር የሚመላለስ አንድ ማስታወቂያ አለ። በግራ በኩል የወለደች ሴት ሆድ፣ በቀኝ በኩል ወልዳ የማታውቅ የምትመስል ሴት ሆድ፣ ከሥሩ ደግሞ «የእናቶች እድሳት» የሚል ጽሑፍ። ስሙ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ዛሬ ግን በኢስታንቡልና በዱባይም ይሸጣል፤ በዐረብ አገርና በአሜሪካ ለፍተው ጥቂት ጥሪት የቋጠሩ እህቶቻችንም ከተፈላጊዎቹ ገዢዎች መካከል ናቸው። ቀለሙ የለቀቀ ግድግዳ ይታደሳል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ይታደሳል። ለመሆኑ ልጅ የተሸከመ አካል በምን ሒሳብ ነው ከፈረሰ ቤት የተቆጠረው?

«እድሳት» የተባለው ነገር አንድ ቀዶ ሕክምና እንዳይመስልሽ። ሆድን መቁረጥና መስፋት፣ ጡትን ማንሳት ወይም በሲሊኮን መሙላት፣ ከወገብና ከጎን ስብ መምጠጥ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ተደራርበው የሚሠሩበት ነው። ሴትየዋ በሙሉ ማደንዘዣ ለሰዓታት ትተኛለች። የሆዷ ቆዳ ከዳሌ እስከ ዳሌ ተሰንጥቆ እስከ ጎድን አጥንቷ አካባቢ ይገለጣል። በእርግዝና የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች በክር ተስበው ይገጣጠማሉ፤ ትርፉ ቆዳ ተቆርጦ ይጣላል፤ እምብርቷ በአዲስ ቀዳዳ ይወጣል። ማስታወቂያው በቀኝ በኩል ያሳየሽ ሆድ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ጠባሳው ግን ከልብስ በታች ስለሚውል በፎቶው ላይ አይታይም።

ስትነቃስ? ቀጥ ብላ መቆም አትችልም። ስፌቱ እንዳይሳብ ጎብጣ ትራመዳለች፣ ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ ትተኛለች። ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚያጠራቅሙ ቱቦዎች ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ከገላዋ ላይ ይንጠለጠላሉ። አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ለሳምንታት አይወልቅም። እብጠቱ ለወራት ይቆያል፤ ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል።

እናቶቻችን እንዲህ ያለውን ጊዜ ያውቁታል። ወገብ በመቀነት ይታሰራል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያርሳል። ነገር ግን የዚህኛው አራስ ቤት ሕፃን የለውም። ይባስ ብሎ የሁለት ዓመቱ ልጅ እጁን ዘርግቶ «እማዬ» እያለ ሲመጣ፣ እናቱ ልታነሣው አትችልም። ሐኪሞቹ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከባድ ነገር እንዳታነሣ ይከለክሏታልና! ሱጁድ መውረድም አትችልም፤ ተቀምጣ ትሰግዳለች። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው ያገራው እዝነት ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። ግን ሕመሙን ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ምን ይባላል?

አደጋውም ተረት አይደለም። ቀዶ ሕክምናው በተደራረበ መጠን ተኝቶ የመቆያው ጊዜ ይረዝማል፤ ጊዜው በረዘመ መጠን በእግር ውስጥ ደም የመርጋቱ፣ የረጋውም ወደ ሳንባ ሄዶ የመግደሉ ሥጋት ይጨምራል። የእድሳቱ ገበያ በደራበት በአሜሪካው የፍሎሪዳ ግዛት፣ ከሆስፒታል ውጭ በሚገኙ የሐኪም ቢሮዎች ሆድ ከመቁረጥ ጋር አብሮ የሚመጠጠው ስብ ከ1000 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ የሚከለክል ደንብ አለ። ጡት ውስጥ የሚገባውን ሲሊኮን በተመለከተም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አብሮት እንዲጻፍ አዟል። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ እንዳልሆነ ራሱ ማስጠንቀቂያው ይናገራል። እንግዲህ አንዴ ያስገባች ሌላ ጊዜ ለማስወጣት ወይም ለማስለወጥ ትመለሳለች ማለት ነው።

«ታዲያ ሕክምና ሐራም ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም! ዐርፈጃህ (ረ.ዐ.) በጃሂሊያ ዘመን ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ በብር ቢተኩት ሸተተባቸው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በወርቅ እንዲተኩት አዘዟቸው። በሌላ በኩል ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ለውበት ብለው የአላህን ፍጥረት የሚለውጡ ተረግመዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚም በዚሁ መስመር ላይ ቆሟል። ጉዳትንና ጉድለትን የሚያክም ይፈቀዳል፤ ፍላጎትን ለማርካት ብቻ ደህናውን አካል የሚለውጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ሆዷ ከወሊድ በኋላ ተከፍቶ አንጀቷ የሚወጣባትን፣ ወይም ጡቷ ከብዶ ትከሻና አንገቷን የሚያሳምማትን እህት «ውበት ፈላጊ» ብለን አናሸማቅቃት። እርሷ ታማሚ ናት። መታከም መብቷ ነው።

ክርክሬ ከሻጩ ጋር ነው። የዕቃው ትልቁ ጥቅም «አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ሕመም» መሆኑን እየነገረ፣ ሆዷን ልትታከም የመጣችውን ሴት ጡቷንም ወገቧንም ጨምራ እንድትቆረጥ ያግባባታል። ገንዘብ ካነሳት በወለድ የሚያበድር ያገናኛታል። ሪባ ተበድሮ ሆድን ማስቆረጥ! ቀጥሎም፣ ሌላ እርግዝና ሥራውን ስለሚያበላሸው «መውለድ ከጨረስሽ በኋላ ይሁን» ይላታል። ምክሩ በሕክምና ዓይን ትክክል ነው። ነገር ግን የሠላሳ ዓመት ሴት ለፎቶ ብላ የልጅን በር እንድትዘጋ ሲያደርጋት፣ ጉዳዩ ከሆድ ቆዳ አልፎ ሄዷል።

አንተስ ወንድሜ? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሉቅማን እናት በድካም ላይ ድካም ተደራርቦባት ልጇን እንደ ተሸከመች ያወሳል፤ ለወላጆችም አመስግን ይለናል። የሚስትህ ሆድ ላይ ያለው ዝንጉርጉር መስመር የዚያ ድካም አሻራ ነው፤ የተሸከመችውም ያንተን ልጅ ነው። የራስህ ቦርጭ ከቀበቶህ በላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በጨዋታ መካከል «ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» ያልካት ቀን፣ ማስታወቂያው ያላገኘውን መግቢያ የከፈትክለት አንተ ነህ። እርሷ ምናልባት ስቃ አልፋው ይሆናል። ማታ ግን ስልኳን ከፍታ የክሊኒኩን ቁጥር ፈልጋለች።

እህቴ ሆይ! የምር ሕመም ካለብሽ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂው። የትኛው ክፍል ለሕመሜ ነው፣ የትኛውስ ለዓይን? ለየብቻ ቢሠራስ? ሴት ሐኪም አለችን? ደም ቢረጋብኝ የትኛው ሆስፒታል ይቀበለኛል? አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ያየኛል? ከዚያም ቤትሽ ገብተሽ ባልሽን ጠይቂው፤ ለስድስት ሳምንት ልጁን የሚያነሣው ማን ነው?