የልጆቻችንን መጽሐፍ ገልጠን እንይ





በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ መቀየር የሚያወሱ የተረት መጻሕፍትን ለሕፃናት ማንበብ ጀመሩ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይችሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ተከለከሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ አደባባይ ወጡ። ክስም ተመሠረተ። በ2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ክሱ እስኪቋጭ ትምህርቱ አስቀድሞ ይነገራቸው፣ ልጆቻቸውንም ማስወጣት ይችሉ ሲል በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ።

ልብ እንበል! ከሳሾቹ የጠየቁት «ንገሩን፤ ልጃችንን እናስወጣ» ብለው ነው። የሌላውን ልጅ መብት አልነኩም።

እኛስ? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ወላጅ ልጁን በእምነቱ መሠረት በሃይማኖትና በሥነ ምግባር የማሳደግ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ይህ ልጆቻችንን ይጠብቃል፤ እኛንም ይገድባል።

በመድረሳ የምናስተምር እኛ ልጆቹን የምናገኛቸው ለጥቂት ሰዓት ነው። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ ደብተሩን የሚገልጠው ወላጅ ነው። እምነታችንን የሚነካ ነገር ስናገኝ በወሬ አንናጥ። የመጽሐፉን ስም፣ ክፍሉንና ገጹን ጽፈን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት እናቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንጠይቅ።

ልጆች አማና ናቸው። ስለ አማናው አላህ ፊት ቀድመን የምንጠየቀው እኛ ነን።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን!