ኳስ አቀባይ ማን ይሁን?

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ባነሣ ጊዜ ደስታው የጎንደር ሁሉ ነበር። ዛሬም በየሰፈሩ የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ሲራገጡ እናያለን።

እኛ ተማሪዎች እነዚህን ሕፃናት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስበን ለማጫወት መነሣታችን መልካም ነው። ነገር ግን አሠራራችን ሊታረም ይገባዋል። እንደ አዋቂ ዐሥራ አንድ ለዐሥራ አንድ አሰለፍናቸው፤ ጉልበተኞቹ ሲራወጡ ትንንሾቹ ከጎሉ ጀርባ ኳስ አቀባይ ሆነው ዋሉ። ሴቶቹንማ ማን ጠራቸው?

የኳስ ሕግ ራሱ ለሕፃናት ሜዳው እንዲጠብ፥ ኳሱ እንዲቀል፥ ሰዓቱም እንዲያጥር ይፈቅዳል። አዋቂ የሚጫወትበት 5 ቁጥር ኳስ እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ለሕፃን እግር 3 ቁጥር ይበቃል። ሜዳውን በድንጋይ ከፋፍለን አራት ለአራት ብናጫውታቸው፥ ለሃያ ሁለት ያልደረሰችው ኳስ ለስምንት ትደርሳለች።

«ካልተሸናነፉ ምን ጨዋታ አለ?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ልጆቹ ጎሉን ራሳቸው ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን መዝገብ አንያዝ፥ ዋንጫም አናቁም። መሸናነፉ በጊዜው ይደርሳል። በስድስት ዓመቱ «አንተ አትችልም» የተባለ ልጅ ግን ወደ ሜዳ ለመመለስ ይቸግረዋል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ትንንሽ ኳሶች በመግዛት እንዲረዱን እንለምናለን። ለዕረፍት ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የምንሄደውም ይህንኑ በየአገራችን እንሞክር። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ልጆቹ ይጫወቱ፤ ኳስ አቀባዮቹ እኛ እንሁን።