ፎርማት ተደርጎ የመጣ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ለምን እምቢ ይላል?

ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ሄዶ «ፎርማት» ተደርጎ ይመጣል። ፍጥነቱ ደስ ይላል። ሞደሙ ሲሰካ ግን ኢንተርኔት የለም። ይሄኔ በየቤቱ ሁለት ሐሳብ ይነሣል፤ «ሞደሙ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይገዛ» ወይም «እንደገና ፎርማት ይደረግ»። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አያስፈልጉም።

ባለፈው ክረምት ከመንዝ ደጋ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ልጃቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ በርቀት ትምህርት ትማራለች። «ሲስተር፣ የልጅቱ አሳይመንት እስከ ሰኞ ካልተላከ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ነው። ሞደሙ ሞቷል ይሉኛል፤ በጌን ልሽጥ እንዴ?» አሉኝ።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀውን ግን ጠየቅኳቸው፤ «ከመታመሙ በፊት ምን ተደረገለት?» ፎርማት። እንግዲያው ትናንት ደኅና የነበረውን ሞደም ሞቷል ከማለት በፊት፣ ፎርማቱ ምን ይዞ እንደ ሄደ ማየት ይቀድማል።

ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ሁለት ነገር ይጠፋል። አንዱ ኮምፒውተሩን ከሞደሙ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ነው። ሌላው የመደወያው መረጃ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ኮምፒውተሩ በቤት ስልክ መስመር ይደውል ነበር። ዛሬም ብዙዎቹ የዩኤስቢ ሞደሞች በሲም ካርድ ይደውላሉ። የሚደውሉበት ቁጥር ከጠፋባቸው ዝም ይላሉ።

ልጅቱን ስልኩ ላይ አቅርቤ አንድ በአንድ ሄድን። ሦስት መድኃኒት ባንድ ጊዜ ከሰጠን የትኛው እንዳዳነ አናውቅምና፣ እናንተም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

መጀመሪያ መስመሩ ይታይ። ሲም ካርዱን ስልክ ላይ አስገቡ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*804# ሒሳቡን አይታችሁ በዳታ አንድ ገጽ ክፈቱ። ከከፈተ ሲሙም ኔትወርኩም ጤነኛ ናቸው።

ቀጥሎ ሞደሙ። «ዲቫይስ ማናጀር» በሚባለው ውስጥ ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩ ጎድሏል። ብዙዎቹ ሞደሞች ፕሮግራማቸውን በሆዳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ሲሰኩ እንደ ሲዲ ብቅ ይላል፣ እሱን ከፍቶ መጫን ነው። ካልታየ ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሰካ።

ሦስተኛው መደወያው ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም ቁጥሩ *99# ሲሆን፣ «ኤፒኤን» የሚለው ቦታ ላይ ኢቲሲ ዶት ኮም ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሞላል። ኮምፒውተሩ ስሕተቱን በቁጥር ከነገራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። 633 ሞደሙ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ወይም በትክክል አልተጫነም ማለት ነው፤ 691 የተጠቃሚው ስም ወይም የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አላገኘም፤ በቤት ስልክ መስመር ለሚደውል ደግሞ 680 የመደወያው ድምፅ የለም ማለት ነው። ለጠጋኙ «አልሠራም» ከማለት ቁጥሩን መንገር፣ ለሐኪም «ያተኩሰዋል» ከማለት የሙቀቱን ልክ እንደ መንገር ነው።

የልጅቱ ሞደም ሦስቱንም አልፎ «ተገናኝቷል» አለ። ገጽ ግን አይከፍትም። ቀኑን አንብቢልኝ አልኳት፤ ጠጋኙ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል! የኢንተርኔት ገጾች እንደ መድኃኒት ብልቃጥ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት የደኅንነት ማረጋገጫ አላቸው። ኮምፒውተሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ማረጋገጫውን «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ገጹን ይከለክላል። ቀኑ ወደ ፈረንጆቹ ሲስተካከል ተከፈተ። አሳይመንቱ እሑድ ማታ ተላከ፤ በጉም ከበረት አልወጣም።

ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ስላለቀች እሷን ማስቀየር ነው።

ወላጆችና አያቶች፣ ኮምፒውተራችሁ ለፎርማት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ፎቶውንና ጽሑፉን ወደ ፍላሽ አስገልብጡ። የመደወያውን ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ አስፍሩ። ሞደም ቢጠፋ ይገዛል። ያረፉ ሰዎቻችን ፎቶ ግን የትም ሱቅ አይገኝም።